ግንዛቤ ላስጨበጡን እጅ ነሥተናል

ሰው ሁሉ ባለሙያ ያማል። እኔ ዛሬ ላመሰግን ነው የመጣሁት፤ በተለይ ብርዱን ችለው፣ ጣርማ በር ላይ ታጥፈው፣ ጤና ሊያስተምሩን እስከ መንዝ ድረስ ብቅ የሚሉትን።

የማስተማሪያ ዘዴ አመራረጣቸው ያስቀናል። ሲሠለጥኑ የሚማሩት ብዙ ነው፦ ሠርቶ ማሳየት፣ የቡድን ውይይት፣ ድራማ፣ በሥዕል ማስረዳት። እነሱ ግን ሁሉንም አውጥተው አውርደው ሲያበቁ ገለጻን ይመርጣሉ። ርዕሱ ጡት ማጥባት ከሆነ ገለጻ። እጅ መታጠብ ከሆነ ገለጻ። ለዝሆኔ በሽታ የእግር አስተጣጠብም ገለጻ ነው፤ ውሃም ሳሙናም አይባክንም።

በቅርቡ አንዱን ለማየት ታደልኩ። ስድሳ የምንሆን ሰዎች የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ተኮልኩለናል። ርዕሱ የሕፃናት ተቅማጥ ነው። ገና ሲጀመር መብራት ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። የኛው ግን ላፕቶፑን ወደ ሕዝቡ አዞረና "ከኋላ ያላችሁ ይታያችኋል?" አለ። ባናቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡት አባቶች "እንዴታ!" አሉ። መንዜ እንግዳ አያሳፍርም።

"አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል።" እንከን የለውም። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት ያለባትን ፓኬትም ከፍ አድርጎ አሳየንና ወደ ኪሱ መለሳት። እንዳትጠፋ መሰለኝ።

አንዲት እናት ተነሡ።

"ልጄ፣ ሊትር በጣሳ ስንት ነው?"

"1000 ሚሊ ሊትር ነው፣ እናቴ።"

እማማ አመስግነው ተቀመጡ። ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል? ውሃው ሲያንስ ጨው በዝቶ ሕፃኑን ይጎዳል፣ ሲበዛ ደግሞ ኦአርኤሱ ጉልበት ያጣል። ታዲያ ሚሊ ሊትሩ ተነግሯቸው የለ እንዴ!

ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊቱ ምን እንደነበር ልንገራችሁ? ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ። ሊትርን ያስረዳን ከእሷ እየተጎነጨ ነው።

ከዚያ ፈተናው መጣ። "ገብቷችኋል አይደል?" "አዎ!" ስድሳ ሰው ባንድ ድምፅ። በሦስት ሰከንድ አለቀ፣ የወደቀም የለም። (አንዷን ጠርቶ "በጥብጪና አሳይን" ቢል ኖሮ ማን እንዳልገባው ይታወቅ ነበር። ግን ሰው ማሳፈር ነውር ነው።)

አንዳንድ ምቀኞች የድሮውን ያነሣሉ። የጤና ኤክስቴንሽን በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ 16 ፓኬጅ የጤና ትምህርት ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ ነበር ይላሉ። አንዱ ቤተሰብ ሽንት ቤቱን ቆፍሮ፣ ልጆቹን አስከትቦ "ሞዴል" ሲባል ጎረቤት አይቶ ይከተላል ይላሉ። ድካም! ቤት ለቤት ሲሉ ጭቃ አለ፣ ውሻ አለ። ደግሞስ ባነሩ የት ይሰቀላል? ፎቶውን ማን ያነሣል? አበሉስ?

ስሙን እስቲ አስቡት፤ "ግንዛቤ ማስጨበጫ"። ከለስላሳ ጠርሙስ በቀር እጃችን የገባ ነገር ሳይኖር፣ ስድሳ ሰው ግንዛቤ ጨብጠን ወደየቤታችን።

ስንወጣ እማማ ባዶዋን ሃይላንድ ከጠረጴዛው አንሥተው "ትጣላለች?" ብለው ጠየቁ። የቀበሌዋ ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"ኧረ አይጣሏት እማማ። አጥበው እስከ አንገቷ ውሃ ይሙሏት፣ አንድ ፓኬት ይበጥብጡበት። በቃ፣ ሊትር ማለት እሷ ናት።"

እማማ የጠርሙሷን አንገት በአውራ ጣታቸው ያዝ አደረጉ።

"እስከዚህ?"

"እስከዚያ።"

ይቺ ሪፖርቱ ላይ አልገባችም። አቴንዳንስ አልተፈረመባትም።