«ለሽርሽር መንግሥት ለምን ይክፈል?» ለሚሉን

የጀርመን የትራንስፖርት ሚኒስትሮች የዶይችላንድ ቲኬትን፣ ማለትም በመላ ጀርመን በከተማና በአካባቢ ባቡርና አውቶቡስ የሚያስኬደውን የወር ቲኬት፣ ከ58 ወደ 63 ዩሮ ሲያስገቡት ተናድጄ ነበር። ይበልጥ ያናደደኝ ግን ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነው። ሰሞኑን እዚህ ፍራንክፈርት ለቡና ተሰብስበን ሳለ አንድ የማከብራቸው ታላቅ ወንድማችን እንዲህ አሉ፦ «ሥራ ለሚሄድ ሰው 63 ዩሮ ምን አላት? የሚጮኸው ሽርሽር የለመደው ነው። ለሽርሽር ደግሞ መንግሥት ለምን ይክፈል?» ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ግማሹ «እውነት ነው» አለ። እሳቸውም ቀጠሉ። «ደግሞ እኛ ተራራ ጠግበን የመጣን ሰዎች ነን። እዚህ ገንዘብ ከፍሎ ዳገት መውጣት ምን የሚሉት ነገር ነው?»

እዚያው መልሼላቸዋለሁ። ግን አልበቃኝም፤ ምክንያቱም ሐሳቡ የእሳቸው ብቻ አይደለም። በኦገስት 2022 (እ.ኤ.አ.) የያኔው የገንዘብ ሚኒስትር ክርስቲያን ሊንድነር በዚያ ሰመር ለሦስት ወር ብቻ የወጣው የ9 ዩሮው የወር ቲኬት ይቀጥል ሲባሉ ሁሉን በነፃ ከመፈለግ አስተሳሰብ ጋር አያይዘው ነበር ያጣጣሉት። ሊንድነር ዛሬ ሥልጣን ላይ የሉም፤ ፓርቲያቸውም ከፓርላማ ወጥቷል። አስተሳሰባቸው ግን የኛው ቡና ላይ ሳይቀር ተቀምጧል።

ከተራራው ልጀምር። እውነት እንነጋገር። ብዙዎቻችን የሀገራችንን ተራራ የምናውቀው ከአውቶቡስ መስኮት ነው። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ያንንም አያውቁም። የሚያውቁት ፎቁን፣ ትምህርት ቤቱንና ስልካቸውን ነው። ደግሞስ በባቡር ሄዶ በእግር መውጣት ለኛ ባዕድ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ በባቡር ድሬዳዋ እየወረደ፣ ከዚያ በመኪናም በእግሩም ዳገቱን ይወጣ አልነበረም? በመንገድ ላይ ስንቅ ይበላል፣ ይዘፈናል፣ ይዘመራል፣ ዘመድ ይጠየቃል፣ የማይተዋወቅ ይተዋወቃል። ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሰፊ ሰማይ ማየት እንደሚያስፈልገው አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ይህን ለኛ ለማስተማር ጀርመን አላስፈለገም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የቀን ጉዞ ከንቱ ነገር ከሆነ፣ በኮሮና ጊዜ መንግሥት ለምን በስሙ ጠርቶ ከለከለው? በጃንዋሪ 2021 መጀመሪያ የፌዴራሉና የክልል መንግሥታት ሎክዳውኑን ሲያጠብቁ አንድ ደንብ አወጡ። ወረርሽኙ በጣም በተስፋፋባቸው አካባቢዎች ሰው ከሚኖርበት ቦታ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይርቅ ሊከለከል ይችላል። ለመውጣት በቂ ምክንያት ያስፈልጋል። ለሽርሽር የሚደረግ የቀን ጉዞ ደግሞ በቂ ምክንያት እንዳልሆነ በግልጽ ተጻፈ። እኛም ታዘዝን። የምንኖረው ጠባብ ቤት ውስጥ ነው፤ ብዙዎቻችን ግቢ የለንም፣ በረንዳም የለንም። ልጆቹ ትምህርታቸውን በኩሽና ጠረጴዛ ተማሩ። እናቶች ከሥራ መጥተው እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስተማሪ ሆኑ። የሕዝብ ጤና ነው ተብለን ተቀመጥን። መቀመጣችን ዋጋ እንዳለው ሲነገረን ያመንን ሰዎች፣ መውጣታችን ዋጋ የለውም ሲባል ዝም እንድንል አይጠበቅብን።

ከዚያ የ2022 ሰመር መጣ። ሦስት ወር፣ በወር 9 ዩሮ፣ በመላ ጀርመን። ጁን፣ ጁላይ፣ ኦገስት። 52 ሚሊዮን ያህል ቲኬት ተሸጠ። ማስክ አድርገን፣ ትከሻ ለትከሻ ቆመን ሄድን። ባቡሩ ሞልቶ ነበር፤ አዎ። ሞልቶ የነበረው ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቱ የተዘጋበት ሕዝብ ስለወጣ ነው።

የቲኬቱ ተቺዎች ትልቁ ክርክራቸው ይህ ነው፦ ሰዎች መኪናቸውን አልተዉም፤ የተጓዙት ቲኬቱ ባይኖር ኖሮ የማያደርጉትን ጉዞ ነው። የሕዝብ ትራንስፖርት ድርጅቶች ማኅበር ባስጠናው ጥናት የመኪናን ቦታ የተካው ጉዞ 10 በመቶ ያህል ነው። ይህንን ቁጥር እንደ ሽንፈት ያነቡታል። የቀረውን ጉዞ ሲቆጥሩት እንደ ብክነት ነው።

እኔ ግን ትርፉ ያለው እዚያ ነው እላለሁ። ባይኖር ኖሮ የማይደረገው ጉዞ የማን ጉዞ ነው? መኪና ያለው ሰው ጉዞ አይደለም። እሱማ ሲፈልግ ተነስቶ ይሄዳል፤ ማንም ምክንያቱን አይጠይቀውም። የማይደረገው ጉዞ ሌሊቱን ሆቴልና ቢሮ ስታጸዳ ያደረችው እህቴ ጉዞ ነው። ከከተማ ርቆ ባለ የስደተኛ መጠለያ የተቀመጠው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መምጣት እየፈለገ የባቡሩ ዋጋ የያዘው ልጅ ጉዞ ነው። በዚያ ሰመር ስንቱ በ9 ዩሮ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ከወገኑ ጋር እንጀራ በልቶ ማታ ተመለሰ። ሌላ ከተማ ያለችውን ልጇን በየሳምንቱ ማየት የቻለችው እናት ጉዞ ነው። መኪና በመተካት ብቻ ከመዘንነው እነዚህ ሰዎች ዜሮ ናቸው። የሚተኩት መኪና አልነበራቸውማ! መኪና የሌለው ሰው ከቤቱ መውጣቱ ለአየር ንብረቱ ምን ጠቀመ ብሎ መመርመር፣ ባለመኪናውን ግን አለመጠየቅ፣ ይህ ፍትሕ አይደለም።

የት እንደሚኬድ ለማያውቅ ልንገር፤ ብዙ ወገን «ምን አለ እዚያ?» ይለኛልና። ከፍራንክፈርት ዋናው ባቡር ጣቢያ ሩደስሃይም ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። በአርቢ 10 (RB 10) የአካባቢ ባቡር ራይን ወንዝን እየተከተሉ ይደርሳሉ። ከጣቢያው ወጥቶ በወይኑ ተክል መሐል ወደ ኒደርቫልድ ሐውልት መውጣት ነው። ኬብል ካር አለ፤ በእግር ግን ነፃ ነው። ከላይ ወንዙ ሲጠመዘዝ ይታያል፤ ጀልባዎቹ ከታች ናቸው። ከዚያ ጫካውን አቋርጦ ወደ አስማንስሃውዘን ይወረዳል። እዚያም የባቡር ጣቢያ አለ፤ ያው መስመር ወደ ቤት ይመልሳል። ይህ የራይን ሸለቆ ከ2002 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሰው ከጃፓን ድረስ ይመጣበታል። እኛ አንድ ሰዓት ርቀት ላይ ተቀምጠን ሳናየው ዓመታት ያልፋሉ። ከዚህ የቀረበም አለ። በኡ 3 (U3) የከተማ ባቡር መጨረሻው ሆኤማርክ ድረስ ሄዶ ወደ ፌልድበርግ፣ ወደ ታውኑስ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ፣ በእግር መውጣት ይቻላል። ስንቅ ይዞ የሄደ ሰው የሚያወጣው የባቡሩን ዋጋ ብቻ ነው። የባቡሩ ዋጋ ካልተቻለ ግን ተራራው ለሌላ ሰው ነው።

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» ይሉናል። ገንዘብ እንዳለ አይተናል። በዚያው ሰመር፣ በእነዚያው ሦስት ወራት፣ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ ላይ ያለውን ታክስ ቀንሶ ነበር። ለ9 ዩሮው ቲኬት 2.5 ቢሊዮን ዩሮ ተመደበ። የነዳጁ ቅናሽ ከ3 ቢሊዮን በላይ ነበር። ነዳጅ የሚቀዳው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁት? ለሥራ ነው ለሐይቅ ዳር ዋና አሉት? ሁሉን በነፃ የመፈለግ አስተሳሰብ አለብህ ሲባል እኔ አልሰማሁም። ዛሬም ያው ነው። ቲኬቱ 63 ዩሮ በገባበት በጃንዋሪ 2026፣ ከታክስ የሚቀነሰው የሥራ መመላለሻ ወጪ ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጀምሮ በኪሎ ሜትር 38 ሳንቲም ሆነ። ከዚህ የሚጠቀመው በደንብ ታክስ የሚከፍል ሰው ነው። ጥምር መንግሥቱ ደግሞ የአውሮፕላን ተሳፋሪዎች ታክስ ከጁላይ 2026 ጀምሮ እንዲቀንስ ተስማማ። ወደ ስፔኗ የሽርሽር ደሴት ወደ ማዮርካ የሚበር ሰው ሲቀለው፣ ወደ ሩደስሃይም የሚሄድ ሰው ይከብደዋል። ለሽርሽር መንግሥት ለምን ይክፈል የሚሉ ሰዎች ይህን ያስረዱኝ።

ሊንድነር ያነሱት ሌላ ነገርም ነበር። በገጠር የሚኖረውና ጣቢያ የሌለው ሰው ለከተሜው ርካሽ ቲኬት እየከፈለ ነው አሉ። ጣቢያ ከሌለው ጣቢያ ይሠራለት! የከተማውን ሰው ከባቡር ማውረድ ለገጠሩ ሰው አንድ አውቶቡስ አይጨምርለትም። የገጠሩ ሰው ስም የሚነሳው ደግሞ ለእሱ የሚሆን መስመር ሲጠየቅ ሳይሆን ለከተማ ድሃ የሚሆን ነገር ሲቆረጥ ነው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ለአንድ ቀን ጉዞ ብቻ እስከ አምስት ሰው የሚያሳፍረው የሄሰን (ፍራንክፈርት ያለችበት ክልል) ቲኬት አለ፤ ቤተሰብና ጓደኛ አሰባስቦ ለሚሄድ ጥሩ ነው። ግን አምስት ሰው ማሰባሰብ የማይችለው ብቸኛው ሰው ነው በኮሮና ጊዜ አብዝቶ የተጎዳው። እሱን ምን እንበለው?

ዋጋው የወጣበትን ፍጥነትም ተመልከቱ። በሜይ 2023 ሲጀመር 49 ነበር። በ2025 58 ሆነ። አሁን 63። በሦስት ዓመት ውስጥ ከ28 በመቶ በላይ ጨመረ። ሁለት ወላጅና ከስድስት ዓመት በላይ የሆኑ ሁለት ልጆች በ9 ዩሮው ጊዜ ለወሩ 36 ዩሮ ይከፍሉ ነበር። አሁን የአራቱ ሂሳብ 252 ነው። በሄሰን የተማሪ ቲኬት ስላለ የልጆቹ ቀለል ይላል፤ የወላጆቹ 126 ዩሮ ግን የትም አይሄድም።

ደግሞ የ9 ዩሮው ቲኬት ከማሽን ይገዛ ነበር። ውል የሚያስፈርም አልነበረም። የዛሬው ግን በየወሩ ራሱን የሚያድስ ውል ነው። በጊዜው ካልሰረዝክ የሚቀጥለውም ወር ይቆረጥብሃል። የባንክ ሂሳብ ለሌለው ሰው፣ ጀርመንኛ ለማያነብ ሰው ይህ የተዘጋ በር ነው። በሰመር አንድ ወር ብቻ ልጠቀም የሚል ሰው ለምን ከማሽን መግዛት አይችልም? ከዋጋው በፊት እንኳ ይህን ማስተካከል ይቻል ነበር። አልተደረገም፤ አሳሳቢ ሆኖ የታያቸው ሰው ስለሌለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሚኒስትሮቹ ከ2027 ጀምሮ ዋጋው በቀመር እንዲወሰን ተስማምተዋል፤ የደመወዝና የኃይል ወጪ ሲጨምር ቲኬቱም ይጨምራል። ቢርገርጌልድ የሚባለውን የመንግሥት የኑሮ ድጎማ የሚቀበለው ብቻውን የሚኖር ሰው ግን በ2024፣ በ2025ም በ2026ም ያው 563 ዩሮ ነው የሚያገኘው። ከዚያ ውስጥ መንግሥት ራሱ ለትራንስፖርት ያሰላለት ወደ 50 ዩሮ ነው። ቲኬቱ 63 ነው። ቀመሩን የሚሠሩት ሰዎች ቀሪው 13 ዩሮ ከምግቡ ነው ከመብራቱ የሚቀነሰው፣ እሱን አስቀድመው ይንገሩን።