በቀቀኑ የሚጣራው ማንን ነው?

ውጭ አገር ስኖር በጣም ከገረሙኝ ነገሮች አንዱ ሰው ከበቀቀኑ ጋር የሚያወራው ወሬ ነው። እውነተኛ ወሬ! ባለቤቱ ይጠይቃል፣ ወፉ ይመልሳል። አንዳንዴ ወፉ ይቆጣል፣ ባለቤቱም ይቅርታ ይጠይቃል።

ጎረቤቴ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። ግራጫ በቀቀን አላቸው። ወፉ የስልካቸውን ጥሪ ቁልጭ አድርጎ ይዞታል። ይደውላል፤ እሳቸው ተነስተው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። ስልኩ ግን ዝም እንዳለ ነው። በቀቀኑ ራሱ ደውሎ፣ ራሱ «ሄሎ» ብሎ፣ በእሳቸው ሳቅ ይስቃል። እኔ በጣም የወደድኩት ግን ሌላውን ነው። ወፉ ልክ እንደ እሳቸው ይስላል። ወዲያው ድምፁን ይቀይርና በሴት ልጃቸው ድምፅ «አባዬ፣ ደህና ነህ?» ይላል። ልጅቷ የምትመጣው አልፎ አልፎ ነው። ጥያቄዋ ግን በየቀኑ ቤቱ ውስጥ ይሰማል። አዛውንቱም «ደህና ነኝ» ይሉታል። ሳይመልሱለት ሲቀሩ አይቼ አላውቅም።

በቀቀን እንደ እኛ ጉሮሮው ውስጥ የድምፅ አውታር የለውም። ድምፁ የሚወጣው ከታች፣ የአየር ቧንቧው ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ነው። ለምን እኛን ይመስላል? በዱር የሚኖረው በመንጋ ነው። አንዱ ራቅ ሲል ይጣራል፣ ሌላው «አለሁ» ይለዋል። ቤት ውስጥ ያለው መንጋ ሰው ነው፤ ስለዚህ የሰውን ጥሪ ይማራል። ባለቤቱ መታጠቢያ ቤት ሲገባ ወፉ ጩኸቱን የሚያቀልጠው ለዚህ ነው።

ሳቃችንንም ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ ውስጥ አንድ የእንስሳት ፓርክ ከተለያዩ ሰዎች የተረከባቸውን አምስት ግራጫ በቀቀኖች አንድ ላይ አስቀመጠ። ስድብ ተማማሩና ጎብኚው ላይ ያወርዱት ጀመር። ሰው በሳቀ ቁጥር ባሰባቸው። በመጨረሻ እንዲለያዩ ተደረገ። ከተመራማሪዋ አይሪን ፔፐርበርግ ጋር 30 ዓመት ገደማ የኖረው አሌክስ የተባለ ግራጫ በቀቀን ደግሞ ቀለምና ቅርጽ ለይቶ ይናገር ነበር። ፈተናው ሲሰለቸው ወደ ቦታው እንዲመልሱት በቃል ይጠይቃል። አሌክስ የሞተው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

አገር ቤት በቀቀን ያለው ዛፍ ላይ ነው። ደጋው ላይ ክንፉ ጥቁር የሆነ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን አለ፤ የወንዱ ግንባር ቀይ ነው። በዱር የሚገኘው ኢትዮጵያና ኤርትራ ብቻ ነው። ግንባሩ ቢጫ የሆነው ሌላው ደግሞ የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ትንሹ የሾላና የጥድ ፍሬ ይበላል፣ ሌሊት ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ተጠጋግቶ ያድራል። ከራሳችን በላይ እየተንጫጩ ሲያልፉ ቀና ብሎ የሚያያቸው ሰው ጥቂት ነው። ያሳዝነኛል። እነሱ የእኛን ቃል አይናገሩም፤ አያስፈልጋቸውም። ሲጣሩ የሚመልስላቸው አለ።

ታዲያ ቪዲዮ ያዩ ዘመዶቼ «እኛም ብንገዛስ?» ይሉኛል። አስቂኝነቱ እውነት ነው፣ እኔም እስቃለሁ። ግን ግራጫው በቀቀን 40 እና 50 ዓመት ሊኖር ይችላል። ብቻውን ሲውል ላባውን በገዛ አፉ ይነጫል። ስዊዘርላንድ ውስጥ በቀቀንን ያለ ጓደኛ ማኖር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ትክክል ናቸው። አቮካዶና ቸኮሌት ይመርዙታል። ከልክ በላይ የጋለ፣ ምግብ የማይጣበቅበት መጥበሻ የሚያወጣው ጭስ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድለው ይችላል።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቤቱ ባዶ ለሆነ ሰው «ተወው» እላለሁ። ቤቱ ሰው የማይለየው ከሆነ ግን ሁለት አድርጋችሁ አሳድጉ፣ ሲጣራም መልሱለት። ከዱር የተያዘ ከሆነ በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። ግራጫው በቀቀን በዱር እያለቀ ያለው ተይዞ ስለሚሸጥና ጫካው ስለሚመነጠር ነው፤ ከዱር ይዞ በዓለም አቀፍ ገበያ መሸጡም እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ ስምምነት ተከልክሏል።