በረኪና ጥጡንም ይነካዋል
በረኪናን ያነሳችሁበት ጽሁፍ አሪፍ ነው ግን «በረኪና ቀለሙን እንጂ ጥጡን አይነካም» የምትለዋ ልክ አይደለችም። ገላን አካባቢ ጨርቅ ፋብሪካ ብሊቺንግ ክፍል (ጨርቅ የሚነጣበት) ነው የምሰራው፣ ጥጥ ማለት ከሞላ ጎደል ሴሉሎስ ነው (ግሉኮስ የሚባለው ስኳር እንደ ሰንሰለት ተያይዞ የሚሰራው ነገር)፣ በረኪናው ሲበዛበት ወይ ሲቆይበት ራሱን ሴሉሎሱን ኦክሲዳይዝ ያደርገዋል (እንደ ዝገት በኦክስጅን ያበላሸዋል)፣ ሰንሰለቱ እየተቆራረጠ ያጥራል፣ በአይን ግን ምንም አታዩም ነጭ በነጭ ነው። እናቴ ለጥምቀት ብላ ነጠላዋን በረኪና ውስጥ አሳድራው ጠዋት ስትጨምቀው ጥለቱ ጋ እንደ እርጥብ ወረቀት ተተረተረ፣ የተረፈውን ልተኩስ ብል ደሞ ቢጫ ሆነ (ሁለቱም የኦክሲሴሉሎስ፣ ማለትም ኦክሲዳይዝ የሆነ ሴሉሎስ ምልክት ነው፣ እሷ ግን ካውያው ነው ብላ እኔን ተቆጣች)።

በልኩ ሲሰራ ግን ይሄው ነገር ጥቅም አለው። ጥጡን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በሚባል ጋዝ ኦክሲዳይዝ ካደረጉት በዋናነት የግሉኮሱን 6ኛ ካርቦን ነው ወደ ካርቦክሲል (አሲድነት ያለው ክፍል) የሚቀይረው፣ ሀኪሞች ኦፕራሲዮን ላይ ደም ለማቆም የሚያደርጉት ጨርቅ ከሱ ነው የሚሰራው፣ ውስጥ ቢቀር እንኳ ቀስ እያለ ሟሙቶ ይጠፋል፣ ተራ ጥጥ እኮ እዛው ነው የሚቀረው። ፔሪዮዴት (ሌላ ኦክሲዳይዝ የሚያደርግ ኬሚካል) ከሆነ ደሞ የግሉኮሱን 2ኛና 3ኛ ካርቦን ለያይቶ አልዲሃይድ ወደሚባል ሌላ ዓይነት ክፍል ይቀይራቸዋል። ብቻ አዘጋጁ እቺን መስመር ቢያስተካክላት ጥሩ ነው፣ ሰው አንብቦ ጋቢውን እንዳይዘፈዝፍ።