«ሙሉውን ቀይረው!»

እስቲ አንድ ሰው ይንገረኝ፤ መለኪያ ይዞ ለሁለት ደቂቃ ጎንበስ ከማለት ይልቅ የሰውን ኪስ ማራቆት የሚቀለው ለምንድን ነው?

ነገሩ የጀመረው በምሽት፣ በዝናብ ነው። የመኪናዬ ክሩስኮት፣ ማለትም ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ ላይ፣ የባትሪ ምልክት ያላት ቀይ መብራት በራች። ቀጥሎ የፊት መብራቱ ጋዝ እንዳለቀበት ኩራዝ እየደከመ ሄደ፣ ሬዲዮው ዝም አለ፣ የዝናብ መጥረጊያው መስታወቱ መሃል ላይ ተገትሮ ቀረ፤ በመጨረሻም ሞተሩ ጠፋ።

በማግስቱ ያሳየሁት መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን በጣቱ ነካ አደረገና «ሞቷል» አለኝ። በጣቱ! ሰው ሞተ ለማለት እንኳ ትርታ ይደመጣል። ተበድሬ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። መኪናው ወዲያው ተነሣ፤ ቀይዋ መብራት ግን አልጠፋችም። «እሷን ተዋት፣ ሴንሰር ናት» ተባልኩ፤ ተውኳት። በሦስተኛው ቀን አዲሱ ባትሪም እንደ አሮጌው ዝም አለ። ምን ያድርግ? ሞተሩ ሲሠራ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞ ካልሞላው የያዘውን አሟጥጦ ይጨርሳል። የመኪና ባትሪ ደግሞ ሞተር ለማስነሣት እንጂ እስከ መጨረሻው ተሟጦ እንደገና ለመሞላት የተሠራ አይደለም፤ በተሟጠጠ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። የብድሩን የመጀመሪያ ክፍያ ሳልከፍል ባትሪው አረጀብኝ ማለት ነው።

ሁለተኛው መካኒክ ይባስ ብሎ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንጭቆ ነቀለው። ሞተሩ ጠፋ። «አየህ? ዲናሞው ነው። ሙሉውን ቀይረው!» አለ፣ ትልቅ ምርምር እንደ ጨረሰ ሰው እጁን በጨርቅ እየጠረገ። ዲናሞው ደህና ቢሆን ኖሮ በዚያች ቅጽበት የሚፈጠረው የቮልቴጅ ግፊት ዳዮዶቹንም (ዲናሞው ውስጥ ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን) የመኪናውን ኮምፒውተርም ሊያቃጥል ይችል ነበር። የእኔ ዲናሞ አስቀድሞ በመሞቱ ተረፍኩ። እንዲህም አድርጎ መትረፍ አለ።

አዲስ ዲናሞ የሚታሰብ አልነበረም። ያገለገለ ፈልጌ አገኘሁ፤ ሻጩ «ተፈትኗል» ብሎ ማለልኝ። ሊገጠም ሲል ፑሌጋው፣ ማለትም ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) የሚያዞረው ጎማ መሰል ክብ፣ ባለ 5 መስመር፣ የእኔ ቺንጋ ባለ 6 ሆኖ ተገኘ። ፑሌጋ ለማዘዋወር ሌላ የእጅ ዋጋ ከፈልኩ። ቀይዋ መብራት ጠፋች፣ እፎይ አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ዲናሞውን በቀላሉ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ መጮህ ጀመረ። ጩኸቱን ልንገራችሁ? ጠዋት ጠዋት መኪናዬን ሳስነሣ ጎረቤት በመስኮት ብቅ ይል ነበር።

ተስፋ ቆርጬ ወደ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። «አሮጌው ዲናሞ የት አለ?» አሉኝ። ከዕቃ መጫኛው አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከኋላው ጥቂት ብሎን ፈትተው ሁለት ትንንሽ ካርቦኖች መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። አንደኛው ከምስር ፍሬ እምብዛም አይበልጥም፤ ተፍቆ ተፍቆ አልቋል። ካርቦኑ በሚሽከረከረው ክፍል ላይ ያለውን ቀለበት ካልነካ ያ ክፍል ኤሌክትሪክ፣ ስለዚህም መግነጢስ፣ አያገኝም፤ መግነጢስ ከሌለ ሲሽከረከር ቢውል ምንም አያመነጭም። ጥቅልሉ ደህና፣ ዳዮዶቹ ደህና፣ ኩሽኔታው ደህና። አዲስ ካርቦን በየዱት፣ ቀለበቶቹን በስስ ብርጭቆ ወረቀት አጸዱ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ አስቀድመው ነቅለው ዲናሞውን ወደ ቦታው መለሱት። ባትሪውንም በቻርጀር ሞሉት፤ «ባዶ ባትሪ ለዲናሞ ሸክም ነው» እያሉ። ከዚያ የቮልት መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ባትሪው ላይ አደረጉ፤ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6፣ ሲሠራ 14.2 ቮልት። አለቀ። የጠየቁኝ ገንዘብ ፑሌጋ ለማዘዋወር ከከፈልኩት ያንሳል።

ያችን ቴስተር የመጀመሪያው መካኒክ ቢያወጣት ኖሮ፣ ሞተሩ እየሠራ ቮልቱ ወደ 14 እንደማይወጣ አይቶ በዚያው ቀን ይነግረኝ ነበር። ቺንጋው ላልቶ፣ ገመዱ ዝጎ፣ ፊውዙ ተቃጥሎ እንደሆነ እንኳ ያየ የለም። ገንዘብ ያለው ሰው «ሙሉውን ቀይረው» ሲባል ይቀይርና ይረሳዋል። እኔ ግን አንዱን ብልሽት ለመጠገን ባትሪ ገዛሁ፣ ዲናሞ ገዛሁ፣ ሦስት ጊዜ የእጅ ዋጋ ከፈልኩ፤ ሁሉም «እንዲቀልልህ ብዬ ነው» ያሉኝ ናቸው።

ያን ጯሂ ዲናሞ ይዤ ወደ ሻጩ ተመለስኩ። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም አለኝ። «እሺ፣ አንተው ግዛኝ» አልኩት። አገላብጦ አየው፣ በእጁ ክብደቱን ለካ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ዞሮ ሚዛኑን እንዲያመጡለት ተጣራ። ለካ በኪሎ ነው የሚገዛው፤ ለመዳቡ።