ለክቡር ሲስተም፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የዓመት ፈቃዴን፣ አንድ የሕፃን ሹራብና የአንድ ልብ ወለድ መጨረሻን ስለማስመለስ

ክቡር ሆይ፣

እኛ ድሬዎች አንቱታ አናበዛም። ሽማግሌውንም ሹሙንም «አንተ» ብለን ጠርተን አጠገባችን እናስቀምጣለን፤ ቅር የሚለው ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ብቻ ነው። ለእርስዎ ሲባል ግን ይህን ልማድ ጥሻለሁ፤ ምክንያቱም በዚህች ከተማ ሥራ ላይ ሳይገኝ የሚከበር፣ ሲቀር ለምን ቀረህ የማይባል፣ ሲመጣ ደግሞ የሚጨበጨብለት ከእርስዎ ሌላ ባለሥልጣን አላውቅም።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ያገኛል። አዋጁ በዚህ አላበቃም፤ ሠራተኛው ፈቃዱን ለመተው ቢስማማ እንኳ ስምምነቱ ዋጋ እንደሌለው ደንግጓል። ሕግ አውጪው አሠሪዬን ተጠራጥሮ ይህን ሁሉ አጥር ሲያጥር እርስዎን አላሰበም። እኔ ከፈቃዴ ላይ አንድ ሳምንት ቆርጬ የወሰድኩት ለሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ሐረር ለተወለደው የእህቴ ልጅ የጀመርኩትን ሹራብ ለመጨረስና አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ማንም ሳይጠራኝ ለማንበብ። በድሬዳዋ ሙቀት ሹራብ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ካለ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ይመልከት፤ እኛ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስንቀቀል ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ በታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ልብስ ትደርባለች።

መታወቂያዬ ጊዜው እንዳለፈበት ያወቅኩት መጽሐፍ አከራዩ ለመያዣ አልቀበለውም ብሎ ሙሉ ዋጋውን በጥሬ ገንዘብ ሲያስይዘኝ ነው። እናም የፈቃዴን የመጀመሪያ ጠዋት ለእድሳቱ ሰጥቼ የቀረውን ሳምንት በነፃነት ለማሳለፍ አቅጄ፣ ሹራቡንና መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ስሙን ወደማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ወረፋ መኖሩን ስለማውቅ ወረፋውን እየሠራሁ ላሳልፈው ነበር ሐሳቤ።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ቦርሳዬን ከፍቶ ሹራቡን ከነሽቦው ሲያገኝ ፊቱ ተለወጠ። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «ሹራቡ ይግባ፤ ስለታም ነገር ግን አይገባም» ብሎ በየነ። የሽቦውን ድቡልቡል ጫፍ በጣቴ እየነካሁ እንደማይወጋ አሳየሁት፤ የሚሠራው ለአራስ ልጅ መሆኑንም ጨምሬ ነገርኩት። «አቦ እናቴ፣ አታካብጂው፤ ትእዛዝ ነው» አለኝና፣ ምላጭና የጥፍር መቁረጫ ወደተከመረበት ሣጥን ሊጨምራቸው ሁለቱንም ሽቦዎች ከሹራቡ ላይ መዝዞ አወጣቸው።

ክቡር ሲስተም፣ እርስዎ ብርድም ሙቀትም ስለማይመለከትዎ ላስረዳዎ። በመሠራት ላይ ያለ ሹራብ የመጨረሻው ረድፍ ቀለበቶች ሳይፈቱ የሚቆዩት ሽቦው ላይ ስለተሰኩ ብቻ ነው። ሽቦው ሲወጣ ቀለበቶቹ አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ፤ ክሩ ትንሽ ከተሳበ ደግሞ አንዱ ቀለበት ከሥሩ ያለውን፣ ያም ከሥሩ ያለውን እየለቀቀ ይተረተራል። የክሩ ጥቅል ቦርሳው ውስጥ ነበር። ጥበቃው ሹራቡን ለእኔ ሰጥቶ ቦርሳውን ወደ ጠረጴዛው ጥግ ሲገፋው፣ ብብቱ ጋ ደርሶ የነበረው የሕፃን ሹራብ በዓይኔ ፊት ረድፍ በረድፍ ወደ እምብርቱ ወረደ። «ቆይ! ቆይ!» እያልኩ የተረፉትን ቀለበቶች በሁለት እጄ ጣቶች ቆንጥጬ ያዝኩ። ከኋላዬ የተሰለፈ ወጣት «የሕፃን ነው የአሻንጉሊት?» ብሎ ጠየቀ፤ ወረፋው በሙሉ ሳቀ፤ ጥበቃውም ሳቀ። እኔም አፉ ድረስ ሻይ የሞላ ብርጭቆ እንደያዘ አስተናጋጅ ክንዴን ዘርግቼ፣ እርምጃዬን መጥኜ፣ ቦርሳዬን በክርኔ አንጠልጥዬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ውስጥ፣ በመስኮቷ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ፣ ደረሰኝ የሚሰካበት ሽቦ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ጫፉ ተሞርዷል፤ ውፍረቱም ከእኔ ሽቦ ይበልጣል። እርሱን ማንም አልፈተሸውም።

«ሲስተም የለም» አለችኝ ቀና ሳትል። መቼ እንደሚመለሱ ስጠይቃት «እኔንጃ፣ ጠብቂ» አለች። ጠበቅኩ። እጄ ቀለበት እንደያዘ መጽሐፍ መግለጥ ስለማይቻል፣ ሹራቡን በፀጉር መያዣ አስሬ ልብ ወለዱን አወጣሁ። ገና ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ ለይቼ ሳልጨርስ ሠራተኛዋ በመስኮቱ በኩል እጇን ዘርግታ «ምንድን ነው የምታነቢው? እስኪ» አለችኝ። እርስዎ ስለሌሉ ሥራ የላትም፤ ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ይሰለቸዋል። ማመልከቻዬ ከክርኗ ሥር ነው። ማመልከቻውን ከክርኑ ሥር ላደረገ ሰው «መጽሐፌን አልሰጥም» የሚል ጀግና በድሬዳዋ ካለ ይምጣና እጁን ልሳም። ሰጠኋት። «እኔ መጨረሻውን ሳላውቅ አልጀምርም» ብላ በቀጥታ ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ገለጠች፤ ጥቂት አንብባ ከንፈሯን መጠጠችና ለእኔም ለአግዳሚው ወንበርም በሚሰማ ድምፅ «ውይ፣ ልጅቷ ትሞታለች እኮ!» አለች። አጠገቤ ያሉት አዛውንት «ነፍስ ይማር» አሉ።

ታዲያ ልክ በዚያች ሰዓት እርስዎ መጡ። «ወሪያ፣ መጣ! መጣ!» ተባለ፤ ሁላችንም ተነሣን፤ ፊት ያለው ሰውዬ አውራ ጣቱን መሣሪያው ላይ አስቀመጠ። ጣቱ አልነበብ አለ። በሱሪው ጠረገው፣ በምራቁ አረጠበው፣ መጨረሻ ላይ ታጥበህ ና ተባለ። ታጥቦ ሲመለስ እርስዎ ሄደዋል፤ ሠራተኛዋም መጽሐፌን በብብቷ ይዛ ለምሳ ወጥታለች። ከምሳ በኋላ በድሬዳዋ ሲስተም ቢመጣ እንኳ ሰው ስለማይመጣ፣ የበርጫ ወዳጆቼን ላለማስቀየም ያንን ክፍል እዘለዋለሁ።

ስወጣ ሽቦዎቼን ጠየቅኩ። ተረኛው ተቀይሯል፤ የሣጥኑ ቁልፍ ያለው በጠዋቱ ጥበቃ ኪስ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ ጉዳቱን አየሁት። የተተረተረ የሱፍ ክር ተጠማዝዞ ይቀራል፤ ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ፣ ጫፉ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎበት ካልደረቀ በቀር በላዩ የተሠራው ሁሉ ይጎረብጣል። የተቋጠረውን ቆርጬ ስለጣልኩ ክሩም አነሰ። በማግሥቱ ከመሥሪያ ቤቱ በር ወደ ታይዋን ገበያ ሄጄ ያንኑ ክር ፈለግኩ፤ የቀለሙ ቁጥር አንድ ቢሆንም የተነከረበት ዙር ሌላ ስለነበረ በውሰት ሽቦ የጀመርኩት እጅጌ ከደረቱ ፈዘዝ ብሎ ይታያል። እህቴ ምንም አላለችም፤ ፎቶውን ሳሳያት «ሞዴሉ ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

ሳምንቱ በዚህ ሁኔታ ሄደ። ጠዋት «ከሰዓት በኋላ ሞክሪ»፣ ከሰዓት በኋላ «ነገ በጠዋት ነይ» እየተባልኩ እርስዎን ስጠብቅ ፈቃዴ አለቀ።

የቆየ ቂም መቆስቆስ አልወድም፤ ሆኖም የመብራት ካርድ ልሞላ ሄጄ የጠፉብኝን ምሽት አልረሳሁም፤ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ እራቴን የበላሁት በእርስዎ ምክንያት ነው። አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ በጠፋ ቁጥር ሙሉውን ፎርም እንደ አዲስ ስላስሞሉኝም አመሰግናለሁ፤ የእናቴን ስም አሁን ተኝቼም እጽፈዋለሁ።

በእርግጥ መጠበቅ ለድሬዳዋ አዲስ አይደለም፤ ከተማዋ ራሷ የመጠበቅ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በሐረር በኩል ሊያልፍ ታስቦ ተራራው አላስወጣ ሲል ከሥር እንዲቀር ተወሰነና ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ከዚያ የኩባንያው ገንዘብ አለቀ፤ የአውሮፓ መንግሥታት ሽኩቻ ተጨመረበት፤ ሥራው ለዓመታት ቆመና አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ቢሆንም ሐዲዱ በቆመበት ዘመን ቢያንስ የከዚራ ሰፈር ተሠራ፤ እርስዎ በቆሙበት ዘመን የሚሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ብቻ ነው። እዚያው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ «መኪና ግርግር» የሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች በእግራቸው በሚረግጡት ማሽን ከእርስዎ ምንም ሳይጠብቁ፣ ቀጠሮ ባሉበት ሰዓት ሱሪ አሳጥረው ያስረክባሉ። እዚያ ብቅ ብለው ቢያዩ ምናለበት?

እስከዚህ ድረስ በፈገግታ መጻፍ አላቃተኝም፤ ፈቃድ ላይ ብሆንም ደመወዜ ይከፈለኛል፣ ቤቴም የባጃጅ መንገድ ነው። አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩት ሴት ግን ከገጠር፣ ከቢዮአዋሌ፣ በሌሊት ተነሥተው የመጡ ናቸው። የትራንስፖርቱን ገንዘብ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሲቆጥሩ አይቻለሁ፤ ሲመለሱ የሚከፍሉትን ለይተው ቋጠሩት፤ ከእርሱ የተረፈ ምንም አልነበረም። ውሃ እንኳ ገዝተው አልጠጡም። በኦሮምኛ ጠየቁ፤ መልሱ በኦሮምኛም ያው ነው፤ «ሲስተምኒ ሂንጂሩ፤ ነገ ይምጡ።» ነገ በምን ይመጣሉ? የት ያድራሉ? ማን ጠየቃቸው? መሣሪያ ይበላሻል፣ መስመር ይቋረጣል፤ ይህን ማንም ሰው ይረዳል። እኔ የማይገባኝ በዚያ ሁሉ ሰዓት አንድ ኃላፊ ከቢሮው ወጥቶ «ዛሬ አይሆንም፤ አትድከሙ» ያላለበት ምክንያት ነው። የሴትዮዋን ስም በእስክሪብቶ ደብተር ላይ መዝግቦ፣ ሲስተሙ ሲመለስ በቀበሌያቸው በኩል ለማስጠራት ኤሌክትሪክ አያስፈልግም። ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተጎልቶ ውሎ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ ሁሉም ጥፋቱን በእርስዎ ላይ አላክኮ በሰዓቱ ወደ ቤቱ ይገባል። እርስዎ እኮ ብዙ ጊዜ አልጠፉም፤ የጠፋው ሌላ ነው፤ ስምዎን ግን ተከልለውበታል። በዚህ ብቻ ከልቤ አዝንልዎታለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ልጁ እየፋፋ ስለሆነ ሹራቡ ሳያልቅ እንዳይጠበው እሰጋለሁ፤ ስለዚህ ሽቦዎቼ ከሣጥኑ ወጥተው እንዲመለሱልኝ፣ መታወቂያዬም ሌላ የዓመት ፈቃድ ሳያስፈልገው እንዲታደስልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የሚመጡበትን ቀን ቢያሳውቁኝ ደግሞ ጣቴን ታጥቤ እጠብቃለሁ።

ከከፍተኛ አክብሮት ጋር፣
ወረፋ ላይ ያለች አመልካች

ግልባጭ፦
ለበሩ ጥበቃ፤ ሽቦዎቹ ጥንድ ናቸው፣ አንዱ ብቻውን አይሠራም።
ለመስኮቷ ሠራተኛ፤ መጽሐፉ የኪራይ ስለሆነ ሒሳቡ በየቀኑ በእኔ ላይ እየቆጠረ ነው፤ መጨረሻውን አስቀድመሽ አንብበሻልና መጀመሪያውን እባክሽ ቶሎ ጨርሺው።