አንድ የሚያስቅ የዛር መጽሐፍ ይጥፋ?

ቅዳሜን ሙሉ ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ለገሃር ስዞር ዋልኩ። የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፦ ለዘጠኝ ዓመት ልጄ በአማርኛ የተጻፈ፣ ዛር ወይም ጭራቅ ያለበት፣ ግን የሚያስቅ፣ ቀለል ያለ ልብ ወለድ።

አንዱ ሻጭ «ለልጅ የጋኔን መጽሐፍ? ምን ነካሽ እህቴ!» ብሎ አጋንንት ስለማስወጣት የሚሰብክ አቀበለኝ። ሌላዋ ትርጉም ሰጠችኝ። ገለጥ ገለጥ ባደርገው ቫምፓየር፣ በመጥረጊያ የምትበር ጠንቋይ፤ ሁሉም የሰው አገር። ሦስተኛው ቀና ብሎም አላየኝ። አንጀቴ አረረ!

እኛ እኮ መንፈስ አላጣንም! ነገሩን ያመጣችው እናቴ ናት። መብራት በጠፋ ማታ ለልጄ የዛርን አመጣጥ አወራችላት። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት አሉ። እግዜር ሊያያቸው ሲመጣ፣ እንዳይወስድባት ፈርታ ቆነጃጅቱን አሥራ አምስቱን ደበቀች። እሱም «የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ» አለ፤ ዛር ሆነው ቀሩ። ልጄ ሻማው ላይ አፍጥጣ ቆየችና «እማማ፣ ሲደበቁ ጫማ አድርገው ነበር?» አለቻት። እናቴ መልስ አጣች።

ደግሞስ ዛር ማለት ቡና ካልተፈላለት፣ ሽቶ ካልተርከፈከፈለት፣ አዲስ ቀሚስ ካልተገዛለት የሚያኮርፍ፣ ያደረበትን ሰው «ፈረሴ» እያለ የሚጋልብ ነው። ከዚህ በላይ ምን ገጸ ባሕርይ ይምጣ? ፈረንሳዊው ጸሐፊና የባህል አጥኚ ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ድረስ መጥቶ፣ ከባለዛሮቹ ጋር ወራት ከርሞ፣ ያየ የሰማውን በደብተሩ ሞልቶ ሄዷል። እኛ ቤታችን ያለውን ለልጆቻችን ስንጽፍ ግን ወይ ማስፈራሪያ ወይ ስብከት! ልጅ እንዲተኛ «ጭራቅ መጣልህ» እንላለን፤ ጭራቁ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚያስቀው የሚነግረው የለም። ቡዳውን እንኳ ይቅር፤ በዚያ ስም ስንት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ተገፍቷል፣ ልጄን በእሱ እንድትስቅ አልፈልግም። የቀሩት ግን ምን በደሉ?

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የምታውቁ ጠቁሙኝ። የምትጽፉም ጻፉ፣ ገና ሳይታተም ከፍዬ እጠብቃለሁ።

ባዶ እጄን ስገባ ልጄ በር ላይ ቆማ ነበር። ቦርሳዬን ተቀብላኝ እስከ ታች በረበረችው። «የጫማውን ነገር አገኘሽው?» አለችኝ።