ሼፍለር በአንድ ጀምበር አልወጣም

አንድ ጽሑፍ አሜሪካዊው የጎልፍ ተጫዋች ስኮቲ ሼፍለር «በአንድ ጀምበር» የዓለም 1ኛ ሆነ ይላል። አልሆነም! ፕሮፌሽናል የሆነው በ2018 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በ2019 ከፒጂኤ ቱር (ከአሜሪካ ዋናው የጎልፍ ውድድር ዙር) በታች ባለው ኮርን ፌሪ ቱር 2 ውድድር አሸንፎ ወደ ፒጂኤ ቱር አደገ። የመጀመሪያውን የፒጂኤ ቱር ድል ያገኘው ግን በፌብሩዋሪ 2022 ነው። በማርች መጨረሻ 1ኛ ሆነ፣ በኤፕሪል ከአራቱ ታላላቅ የጎልፍ ውድድሮች አንዱን፣ ማስተርስን ወሰደ።

ድንገተኛ ያስመሰለው የደረጃው ስሌት ነው። ያለፉት 2 ዓመታት ነጥብ ተደምሮ ለውድድሮቹ ብዛት ይካፈላል፤ አንድ ነጥብ ለ13 ሳምንት ሙሉ ዋጋውን ይዞ ከዚያ በየሳምንቱ ይቀንሳል። ድሎች ሲደራረቡ ደረጃው የሚተኮሰው ለዚህ ነው።

የሱን መንገድ ለሚመኙ የአዲስ አበባ ልጆች ደግሞ ይሄን ልጨምር፦ መስቀል አደባባይ እንኳ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷ 10 በመቶ ገደማ ትርቃለች፤ እዚህ 165 ሜትር የሄደች ምት ባሕር ዳርቻ ባለ ሜዳ 150 አካባቢ ትወድቃለች፣ ለመሰናክል በተሠራው አሸዋ ውስጥ። ስስ አየር ኳሷ ብዙ እንዳትጣመምም ያደርጋል። እዚህ ለጥቂት ቀጥ ያለች ምት ቆላ ስትወርድ ጎብጣ ከሜዳው ትወጣለች። ስለዚህ ውጭ ለውድድር የሚሄድ ልጅ ቀደም ብሎ ደርሶ በእያንዳንዱ ዱላ ኳሷ የምትሄደውን ርቀት እንደ አዲስ ይለካ።